ሄሉ፣ አሥራ ሁለት ተኩል

ከኢትዮጵያዋ ሞያሌ ወደ ኬንያዋ ሞያሌ ስሻገር ሰዓቴን ማስተካከል አላስፈለገኝም። ስዋሂሊም እንደ እኛው ቀኑን የሚቆጥረው ከንጋት ነው፤ ጠዋት «ሳ ምቢሊ» ካሉ ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነው። ሌላው ሁሉ ግን ይቀያየራል። ብሩ ሽልንግ ይሆናል፣ ባጃጁ ቱክቱክ ይባላል፣ መኪናው የቀኙን ትቶ በግራ ይሄዳል። ከአንዲት ከተማ ወጥቼ እዚያችው ከተማ ውስጥ እንግዳ ሆንኩ። (ከዚህ በታች ያሉትን ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ እንደ አገሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

ያረፍኩት ሄሉ በሚባለው ሰፈር ነው። ቀይ አቧራ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ቢጫ ጀሪካን የጫኑ አህዮች፣ ጠዋት ጠዋት የግመል ወተት ይዘው የሚወጡ ሴቶች። ያከራዩኝን ሴት እንደ ሰፈርተኛው «ማማ» እላቸዋለሁ። ልጅ ሳሉ በኢትዮጵያ በኩል ስለተማሩ አማርኛቸው ጥሩ ነው። ማታ ማታ ጎረቤታቸው አንድ ሽማግሌ ሻይ ሊጠጡ ይመጣሉ፤ እሳቸውን ደግሞ ሁሉም «ምዜ» ይላቸዋል። የሁለቱን ጎሣ አልጽፍም። እዚህ አገር እሱን መጻፍ ብቻውን ሰውን ከአንድ ወገን ያሰልፋል፤ እነሱ ደግሞ በአንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ የሚጠጡ ጎረቤታሞች ናቸው።

የመሣሪያው ወሬ የተነሳው በእህቴ ልጅ ነው። ዳላስ ይኖራል፣ ሌሊት መኪና ይነዳል። አንድ ማታ የገዛውን ሽጉጥ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ሱቅ ገብቶ ፎርም ሞላ፣ ሻጩ ስሙን ወደ መንግሥት መዝገብ ልኮ አጣራ፣ ከፍሎ ወጣ። ቴክሳስ ደግሞ ከ2021 ወዲህ ዕድሜው የደረሰና በሕግ ያልተከለከለ ሰው ሽጉጥ ታጥቆ ለመውጣት የተለየ ፈቃድ አያስፈልገውም። ስልኩን ለምዜ አሳየኋቸው። ራቅ አድርገው አዩት።

«ማን ፈቀደለት?»

«ሕገ መንግሥታቸው።»

ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ለሰው ሁሉ?»

የማውቀውን ያህል ነገርኳቸው። አሜሪካኖች በ1791 ሕገ መንግሥታቸው ላይ ከጨመሯቸው አንቀጾች ሁለተኛው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ በእንግሊዝኛው 27 ቃል። ስለ ሕዝባዊ ጦር አስፈላጊነት ይጀምርና ሕዝቡ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብቱ አይነካም ብሎ ይጨርሳል። ከሁለቱ ግማሾች የቱ ነው የሚገዛው እያሉ ሲከራከሩ ኖሩ። በ2008 የዋሽንግተን ከተማ ነዋሪ የሆነ ሔለር የሚባል ሰው ቤቴ ውስጥ ሽጉጥ መያዝ ተከለከልኩ ብሎ የከሰሰበት ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ አምስት ዳኞች ለአራት ሆነው መብቱ የግለሰብ ነው ብለው ፈረዱ። በ2022 ሰኔ ላይ ደግሞ የኒው ዮርክን ሕግ ሽረው መብቱን ከቤት ውጭም አወጡት።

የዚያ ፍርድ ሰሞን አገሪቱ ሐዘን ላይ ነበረች። ከአንድ ወር በፊት፣ ግንቦት 24፣ ዩቫልዴ በምትባል የቴክሳስ ከተማ አንድ የ18 ዓመት ልጅ በሕጋዊ መንገድ የገዛውን ጠመንጃ ይዞ ትምህርት ቤት ገብቶ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ገደለ። የታጠቁ ፖሊሶች ኮሪደሩ ላይ ሆነው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተው ነው የገቡት።

ምዜ እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት ሰሙ። እዚህ ላይ ግን አቋረጡኝ። ስለ ፍርድ ቤቱም ስለ መብቱም አልነበረም የጠየቁት።

«ፖሊሶቹ እዚያው ደጃፉ ላይ ነበሩ?»

«ነበሩ።»

«ከአንድ ሰዓት በላይ?»

«አዎ።»

«በየት በኩል ነው ታዲያ ከእኛ የሚሻሉት?» አሉ። የምር ጥያቄ ነበር፤ መልስ ጠበቁ።

ያን ሌሊት ስገላበጥ አደርኩ። እኔ ስለ ሕግ ሳወራላቸው እሳቸው የሰሙት ስለ ጠባቂ ነው። አሜሪካን አገርም ቢሆን ሰው ሽጉጥ የሚገዛው 27ቱን ቃላት አንብቦ ሳይሆን፣ ልጄ ሲጮህ ማን ይደርስለታል ብሎ ነው። የእህቴ ልጅም ያለኝ ይህንኑ ነው።

ምዜ ራሳቸው ለብዙ ዓመት ታጥቀው ኖረዋል። እዚህ ሰው «ሆምጋርድ» ይላቸዋል፤ በወጉ ስማቸው የፖሊስ ተጠባባቂዎች ናቸው። ፖሊስ በማይደርስበት በሰሜኑ በረሃ መንግሥት ለመንደር ሰው ጠመንጃ ይሰጥና ሕዝብህንና ከብትህን ጠብቅ ይለዋል። ደሞዝ አልነበረውም። የምዜ ጂ ሶስት ነበር። የሚገርመው፣ በኬንያ ሕግ ማንም ሰው መሣሪያ የመያዝ መብት የለውም፤ ያለው ፈቃድ ነው፣ ፈቃዱም ለጦር መሣሪያ አይሆንም። ክላሽ ወይም ጂ ሶስት ያለ ፈቃድ የተገኘበት ሰው እስከ ዕድሜ ልክ ሊታሰር ይችላል። ስለዚህ እዚህ በረሃ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ጠመንጃ ይዘው አንዱ የመንግሥት ዘብ፣ ሌላው የዕድሜ ልክ እስር የሚጠብቀው ወንጀለኛ ይሆናሉ። ልዩነቱን የሚወስነው የተጠባባቂዎቹን መዝገብ የያዘው ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ የማን ወገን ነው? በሄሉ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነው።

በ2019 መንግሥት ተጠባባቂዎቹን መርምሮ እንደገና ላደራጅ ብሎ መሣሪያውን ሲሰበስብ ምዜ አስረከቡ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፋቸው ቀሏል። «የእኔን ወሰዱ። የማዶውን አልወሰዱም» አሉኝ።

በዚህ አካባቢ የጎሣ ጠቡ ከምርጫ ፉክክሩ ይቀድማል። በ2005 ሐምሌ 12 ማለዳ ላይ፣ ከማርሳቢት ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ቱርቢ በታጣቂዎች ተወርራ ከሃምሳ በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። የቦረናንና የጋብራን ጎሣዎች ለማስታረቅ በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ 10 ከናይሮቢ የተነሳው አውሮፕላን ማርሳቢት አጠገብ ተከስክሶ 14 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ መካከል የሰሜን ሆር ተወካይ የነበሩት ቦናያ ጎዳና እና የሞያሌው ተወካይ ጉራቻ ጋልጋሎ ይገኙበታል። እርቅ ሊያወርዱ ሲሄዱ አለቁ። ማማ ስለዚያ ቀን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ በአንድ ቀን የየወገኑ ሽማግሌ ሁሉ አብሮ የተቀበረ ያህል ነበር አሉኝ።

ከዚያ የካውንቲው ዘመን መጣ። በ2010ሩ ሕገ መንግሥት ኬንያ በ47 ካውንቲዎች ተከፈለች፤ በመጋቢት 2013 የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ተመረጡ። ማርሳቢት ላይ የሬንዲሌ፣ የጋብራና የቡርጂ ጥምረት አሸንፎ ኡኩር ያታኒ ገዢ ሆኑ። በ2017 ወንበሩ ወደ ቦረናው መሐሙድ አሊ ዞረ። ከካውንቲው ዘመን በፊት በወረዳ ሹም በኩል ከናይሮቢ ይመጣ የነበረው በጀት፣ ሥራ፣ የውሃ ጉድጓድ፣ መንገድ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በአንድ ድምፅ ቆጠራ የሚገኝ ወይም የሚታጣ ሆነ። ግጦሹም ውሃውም የድሮ ጠብ ነው፣ ምርጫ አልፈጠረውም። ግን ድምፅ በጎሣ ሲቆጠር፣ ሰውን ከቀዬው ማባረር የድምፅ ወረቀቱን ማባረር ይሆናል። በአሜሪካም በጠመንጃ ጉዳይ ምርጫ የሚሸነፍ አለ፤ በ1994 የጥቃት ጠመንጃዎችን ለአሥር ዓመት የከለከለውን ሕግ ያወጣው ፓርቲ በዚያው ዓመት ምክር ቤቱን ተነጠቀ፣ ፕሬዚዳንቱ ክሊንተንም በኋላ ለሽንፈቱ ያን ሕግ አንድ ምክንያት አድርገው ጽፈዋል። ሆኖም እዚያ ጠመንጃው የክርክሩ ርዕስ ነው። የተሸነፈው ወገን ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ካልሆነ የሚቀጥለውን ምርጫ ይጠብቃል። እዚህ ጠመንጃው ራሱ ከተከራካሪዎቹ አንዱ ሆኖ ይቀመጣል።

በ2022 ግንቦት መጀመሪያ ላይ፣ ምርጫው ሦስት ወር ሲቀረው፣ የናይሮቢ መንግሥት በማርሳቢት ካውንቲ ለ30 ቀን ከምሽት እስከ ንጋት ሰዓት እላፊ አውጆ መሣሪያ ማስፈታት ጀመረ። የዩቫልዴ ሕፃናት በተገደሉበት በዚያው ወር መሆኑ ነው። ማማ በራቸውን በአሥራ ሁለት ተኩል መቀርቀር ያኔ ለመዱ።

እኔም ስለ ማስረከብ የማውቀው አለኝ፤ ለሁለቱም የነገርኳቸው በአምስተኛው ማታ ነው። አባቴ ጎጃም ውስጥ ሁለት ጠመንጃ ነበረው፣ አንድ አሮጌ አልቢንና አንድ ምንሽር። ምንሽሩ ከአያቴ የወረሰው ነው፤ ለሰርግም ለቀብርም ይዞት ይወጣል፣ በቅቤ ይወለውለዋል፣ ልጅ አያስነካም። መሣሪያ አስረክቡ ሲባል አልቢኑን ወስዶ ሰጠ። ምንሽሩን በሰም ጨርቅ ጠቅልሎ ከበረቱ ሥር ቀበረው። እናቴ ለምን ብትለው «ጎረቤቴ ምን እንደቀበረ አውቃለሁ» አላት። ጎረቤታችንም ስለ አባቴ ይህንኑ ሳይል አልቀረም። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ በወሰን ጠብ ተነሳ፤ ታላቅ ወንድሜ በረቱን ቆፈረ። የጎረቤታችን ልጅ አብሮኝ ፊደል የቆጠረ ነው። ሽማግሌ ገብቶ የደም ካሳ ተከፈለ፣ ቤቶቹ ታረቁ፤ ወንድሜ ግን እስከ ዛሬ አገሩ አልገባም፣ የልጁም እናት እስከ ሞታቸው ድረስ በእኛ ደጅ አላለፉም። ጠመንጃ የወንድ ክብር ነው ሲባል ስሰማ የማስበው እኚያን እናት ነው። ሆኖም አባቴን ሞኝ ነበር ለማለት አፌ አይፈታም። ከእሱ የተጠየቀው ጎረቤቱ ሳያራግፍ ብቻውን እንዲያራግፍ ነበር።

ምዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቢጠየቅማ ሁለቱን በአንድ ቀን ነው» አሉ።

እኔ ከሄሉ ይዤ የወጣሁት ሐሳብ ይኸው የምዜ ነው። ኢትዮጵያና ኬንያ ሁለቱም በሚያዝያ 2004 ናይሮቢ ላይ የቀላል መሣሪያ ቁጥጥር ፕሮቶኮል ፈርመዋል። ኢትዮጵያ በ2020 መጀመሪያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ን አውጥታለች፤ አዋጁ መሣሪያ መያዝ ልማድ የሆነባቸውን አካባቢዎች ዕውቅና ይሰጣል። የኬንያ ሕግ ለእንዲህ ያለው ልማድ ቦታ የለውም። ቦረና በሁለቱም ወገን ነው ያለው፣ ጋብራም በሁለቱም፣ ቡርጂም በሁለቱም። አንድ እናት የወለደቻቸው ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ በልማዱ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል፣ ሌላው ዕድሜ ልክ ሊፈረድበት ይችላል፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ በእግር የሚያልቅ ነው። ናይሮቢ ስትሰበስብ መሣሪያው ወደ ሰሜን ይሻገራል፣ በሰሜን ሲፈተሽ ወደ ደቡብ ይመለሳል። ሁለቱ መንግሥታት በታኅሣሥ 2020 እዚሁ ሞያሌ የጋራ የድንበር ኬላ መርቀዋል፤ የሁለቱ አገር ሠራተኞች በአንድ አዳራሽ ቁጭ ብለው ለአንድ መኪና ስሚንቶ ወረቀት ይጨርሳሉ። ለስሚንቶ የተቻለው ለጠመንጃ ለምን አይቻልም? በሁለቱም በኩል በአንድ ቀን፣ በአንድ መዝገብ፣ የሁሉም ጎሣ ሽማግሌ እያየ መሣሪያ የተሰበሰበበትን ጊዜ ማማን ጠየቅኋቸው፤ በዕድሜያቸው አላዩም። ይህ ሳይሆን ከአንድ መንደር መሣሪያ መሰብሰብ ለሌላው መንደር ጥይት ማቀበል ነው፤ ይህን ለማለት አላመነታም።

በመጨረሻው ማታ ማማ አልጋቸው ሥር ያለውን ጓዝ አሳዩኝ። በነጠላ የተቋጠረ ነው። በታኅሣሥ 2013 እዚህ ኬንያ ሞያሌ ውስጥ ተኩሱ ሲከፈት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ የሸሹት በዚህ ቋጠሮ ነበር፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው አብሯቸው ተሻግሯል። በመጋቢት 2018 ደግሞ ተራው ተገለበጠ። በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ወታደሮች በሲቪል ሰዎች ላይ ተኩሰው ዘጠኝ ሰዎች መሞታቸው ተነገረ፤ በተሳሳተ መረጃ ነው ተባለ። ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደዚህ ወደ ኬንያ ሸሸ። ከሸሹት አንዲት ሴት ከሦስት ልጆች ጋር ማማ ቤት ሁለት ወር ተቀመጠች። በ2013 ማማን ማዶ አስጠግታ ያኖረቻቸው እሷው ነበረች።

«ጓዙን ለምን አይፈቱትም፣ ማማ? ስንት ዓመቱ ነው» አልኳቸው።

አልመለሱልኝም። ሰዓቴን አየሁ፣ አሥራ ሁለት ተኩል ሊሆን ነው። ሰዓት እላፊው ከተነሳ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን ተነስተው በሩን ቀረቀሩ፣ መስኮቱን ዘጉ። ከዚያ ቋጠሮውን አልጋው ላይ አውጥተው ፈቱት። ሁለት ጋቢ፣ የልጆቹ የትምህርት ማስረጃዎች በላስቲክ፣ የሟች ባለቤታቸው መታወቂያ፣ አንድ ፋኖስ። ከደረታቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ባለፈው ወር የተወለደችው የልጅ ልጃቸው የልደት ወረቀት ነው። ከማስረጃዎቹ ጋር ላስቲኩ ውስጥ አስገቡት፣ አራቱን ጫፍ መልሰው ቋጠሩ፣ ጥብቀቱን በእጃቸው መዘኑና ወደ ቦታው ገፉት።