«ተራራ ከሆነ ይበቃል»

ከዓመታት በፊት ለአንድ ተውኔቴ የመድረኩን የጀርባ ሥዕል ያዘጋጅ የነበረ ሠዓሊ፣ ከገጸ ባሕርያቱ በስተኋላ የሚታየው ተራራ የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ። «ተራራ ከሆነ ይበቃል» አልሁት። ተወልጄ ያደግሁት አብነት ነው፤ በስተሰሜን እንጦጦ ከልጅነቴ ጀምሮ ከፊቴ ቆሟል። ይሁን እንጂ ሠዓሊው ባሕር ዛፉ የት ላይ እንደሚሳሳ፣ ሸንተረሩ በየት በኩል እንደሚያዘቀዝቅ ቢጠይቀኝ ኖሮ መልስ አልነበረኝም።

ጉድለቴ የተገለጠልኝ የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የፖል ሴዛንን የሕይወት ታሪክ ሳነብ ነው። ሴዛን እ.ኤ.አ. በ1839 በደቡብ ፈረንሳይ በምትገኘው በኤክስ ከተማ ተወለደ። ከከተማዋ በስተምሥራቅ ሳንት ቪክቷር የተባለው የኖራ ድንጋይ ተራራ ይታያል። ከፍታው 1,011 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ራሷ ከዚህ እጥፍ በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እንግዲህ ከያኒውን የማረከው የተራራው ግዝፈት አልነበረም። ሴዛን በልጅነቱ ከጓደኛው ከኤሚል ዞላ ጋር በዚያ አገር መስክና ወንዝ ሲዘዋወር ያየውን ይህን ተራራ፣ በጎለመሰ ዕድሜው ከ30 በላይ በሆኑ የዘይት ቀለም ሥዕሎችና በብዙ የውሃ ቀለም ሥራዎች ደጋግሞ ሣለው።

እ.ኤ.አ. በ1902 ከከተማዋ በላይ በሎቭ ኮረብታ የሥዕል ቤቱን አሠርቶ ገባ። በእነዚያ የመጨረሻ ዓመታት ሥዕሎቹ ሜዳው፣ ቋጥኙና ሰማዩ በአንድ ዓይነት የቀለም ቁራጮች እንደ ግንብ ተደራርበው ይታያሉ። መደጋገሙ ከሐሳብ ድርቀት የመጣ አልነበረም። በሴፕቴምበር 1906 ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ወንዝ ዳር ቆሞ ጥቂት ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ዘንበል ቢል ብቻ፣ ከቦታው ሳይነቃነቅ ለወራት የሚበቃ ሥራ እንደሚያገኝ ገልጿል። በተከታዩ ወር ከቤት ውጭ ሲሥል ብርቱ ዝናብ ደበደበው፤ በቀናት ውስጥም በ67 ዓመቱ ዐረፈ።

እኛ የብዕር ሰዎች ተራራን ብዙ ጊዜ የምናውቀው በስሙ ነው። ስለ አገር ግርማ ስንጽፍ ያላየነውን ራስ ዳሸንን እንጠራለን፤ በየማለዳው ፊት ለፊታችን የሚነጋበትን እንዘነጋለን። አንባቢም ስሙን ይሰማል እንጂ ተራራውን አያይም።

ዛሬ በልደታ ዙሪያ የተነሡት ፎቆች እንጦጦን ቆራርጠው ያሳዩኛል። ጥቂት ወደ ቀኝ ዘንበል ስል ግን የተሸፈነው ሸንተረር ብቅ ይላል። ያ ሠዓሊ አሁን ቢጠይቀኝ፣ «ና፣ ከደጃፌ ቆመን እንየው» እለው ነበር።