የገብስ የመጀመሪያ ሥር

ሰው የእህልን ነገር ሲያስብ ዓይኑ የሚያርፈው በዛላው ላይ ነው። ቡቃያው ሲያምር ደስ ይለናል፤ ዛላው ሲጎነበስ ፈጣሪን እናመሰግናለን። ከሁሉ አስቀድሞ በጨለማ የወጣውን ሥር የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ እኛ ዛሬ ስለ ገብስ የመጀመሪያ ሥር ጥቂት ለመናገር ወደድን።

ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በር በኩል ወደ ጨነቅ የተጓዘ ሰው፥ የሰሜን ገበሬ ገብሱን በምን ዓይነት ዳገት ላይ እንደሚዘራ ያውቃል። ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለ፥ ጅብራ የሚበቅልበት፥ ሌሊቱ ውርጭ የሆነ ስፍራ ነው። ጤፍ ይህን ብርድ አይችለውም፤ የደጋው ሰው ተስፋ ገብስ ነው። በዚያ መንገድ ባለፍን ጊዜ ያሳሰበን ነገር፥ «ይህች ፍሬ በእንዲህ ያለ አገር ኑሮዋን በምን ትጀምራለች?» የሚል ነበር።

ደረቅ የገብስ ፍሬ የሞተች ትመስላለች እንጂ አልሞተችም። በአንደኛው ጫፏ ፅንሷ ተኝቷል፤ የቀረው አካሏ ለፅንሱ የተቋጠረ ስንቅ ነው። ዝናብ ሲያገኛት ውኃ ጠጥታ ታብጣለች። ከዚያም ከቅጠል በፊት ሥር ሰገባውን ቀድዶ ይወጣል፤ ሌሎችም ተከትለውት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ይሆናሉ። በዚሁ ጊዜ ፅንሱ ጅበሬሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር እንደ መልእክተኛ ከቆዳዋ በታች ወዳለው ስስ ሽፋን ይልካል። ሽፋኑም ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞች ያፈልቃል፤ ስንቁም ይፈታል።

ፍሬዋ ተገልብጣ ብትወድቅ እንኳ ሥሩ መንገዱን አይስትም። በጫፉ ያሉት ከባድ የስታርች ቅንጣቶች ወደ ምድር በኩል እየዘቀጡ አቅጣጫውን ያመለክቱታል። ቻርልስ ዳርዊን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880 ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር ባሳተመው መጽሐፍ የሥሩን ጫፍ ከዝቅተኛ እንስሳት አንጎል ጋር አመሳስሎታል።

ይሁን እንጂ ይህ ሥር መመለሻ የለውም። ፍሬዋ ውኃ ጠጥታ ሥር ሳታወጣ ብትደርቅ ሌላ ዝናብ ልትጠብቅ ትችላለች። ሥሩ ከረዘመ በኋላ ዝናቡ ቢቀር ግን ስንቋ ተፈትቷልና ዳግመኛ አትተኛም።

ይህን ነገር እናቶቻችን ከብቅል ሥራ ያውቁታል። ገብሱን ዘፍዝፈው፥ በቅጠል ሸፍነው፥ ሥሩ ሲጠላለፍ በፀሐይ ያሰጡታል። ሥሩ ይደርቃል፤ ኢንዛይሙ ግን በፍሬው ውስጥ ቀርቶ በጠላው ጋን ውስጥ ሥራውን ይፈጽማል። እንግዲህ የሥሩ መድረቅ ለጠማቂዋ የሥራዋ መቃናት ነው፤ ለገበሬው ግን የዘሩና የልፋቱ መጥፋት ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ደመና ዘሩን የማይበትነውን ገበሬ ሰነፍ ማለት አይገባንም። የመዝሪያ ቀን በወረቀት የምንወስን ሰዎች የምንቈጥረው ቀን ነው፤ እሱ የሚመረምረው የዐፈሩን እርጥበት ነው። ቢሳሳት የሚራበው እሱ ነው።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው በብርጭቆና በእርጥብ ጥጥ ሊያሳዩ ይችላሉ። ከበቀለው ገብስ ጥቂቱን፥ ሥሩ ከረዘመ በኋላ፥ አድርቀው እንደ ገና ያርጥቡት። የደረቀው ሥር አይመለስም። ይህን ያየ ተማሪ ነገ ሹም ቢሆን፥ ገበሬውን ከማዘዙ በፊት ስለ ዝናቡ ይጠይቀዋል።