አይፎን ነህ ወይስ ሳምሰንግ?

ድሮ ሰው ከሰው ሲተዋወቅ «የማን ልጅ ነህ?» ይባባል ነበር። ከዚያ «ጊዮርጊስ ነህ ቡና?» መጣ፤ ቀጥሎ «አርሴናል ነህ ማንቼ?» ሆነ። አሁን ደግሞ ስልኬን ከኪሴ ባወጣሁ ቁጥር ዓይናቸውን ጣል የሚያደርጉ ወጣቶች «ጋሼ፣ አይፎን አይወዱም እንዴ?» ይሉኛል። አጠያየቃቸው «ሐኪም ሥጋ ከለከለዎት እንዴ?» የሚል ዓይነት ሐዘኔታ አለበት።

ጥያቄው ራሱ ትንሽ እርማት ይፈልጋል (የመምህርነት አመል በጡረታም አይለቅም)። ፉክክሩ የአይፎንና የሳምሰንግ አይደለም። አፕል ስልኩንም፣ ስልኩ የሚሠራበትን ሶፍትዌርም ራሱ ያዘጋጃል፤ ሶፍትዌሩን ለሌላ ስልክ አምራች አይሰጥም። የወዲያኛው ወገን ስሙ አንድሮይድ ነው፤ ጉግል ያዘጋጀዋል፣ ሳምሰንግም ቴክኖም ሻዎሚም ይለብሱታል። እኛ ዘንድ ግን አይፎን ያልሆነ ሁሉ «ሳምሰንግ» ነው። ሳምሰንግ ካልሆነ ደግሞ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «ቴክኖ» ይባላል። የቴክኖ ባለቤት እ.ኤ.አ. በ2011 እዚሁ አገራችን መገጣጠሚያ ከፍቶ፣ የአማርኛ ፊደል የተጻፈባቸውን ስልኮች ለሕዝቡ ሲያቀርብ የኖረ ኩባንያ ነው። ውለታው ግን አንገት የሚያስደፋ ስም ሆነ።

ለመሆኑ ስንቶቻችን ነን መርጠን የያዝነው? የአዲስ አበባ ሰው ስልኩን የሚመርጥለት አብዛኛውን ጊዜ ዘመዱ ነው። ስልክህን አሳየኝና ዘመድህ ወዴት እንደ ተሰደደ ልንገርህ። ሜሪላንድ አጎት ያለው አጎቱ ሁለት ዓመት የተገለገለበት አይፎን ይደርሰዋል። እህቱ ቤይሩት ወይም ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ ደግሞ፣ ከደመወዟ ቆጥባ የገዛችው ሳምሰንግ ከነካርቶኑ ይመጣለታል። ምክንያቱን በኋላ ነው የምንፈልግለት። አንዱ «ካሜራው!» ይላል፤ ሌላው «ስታክ አያደርግም!» ይላል። የተላከለትን ጋቢ ለብሶ የጥለቱን ፋሽን እንደሚከራከር ሰው ነን።

እኔ ግን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ፤ መነሻው ፊደል ነው።

የመጀመሪያው አይፎን አሜሪካ ለገበያ የቀረበው ሰኔ 22 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። እኛ ሚሌኒየሙን ለመቀበል ሽር ጉድ የምንልበት ሰሞን መሆኑ ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የተዘጋው የሞባይል የጽሑፍ መልእክት ያኔ ገና አልተከፈተም ነበር፤ የተለቀቀልን መስከረም 2000 ላይ ነው። እዚያ ሰው በጣት ለሚዳሰስ ስልክ ሲሰለፍ፣ እኛ «ደህና ዋልክ?» ብሎ መጻፍ ናፍቆን ነበር።

ሲለቀቅልንም የጻፍነው በላቲን ፊደል ነው። ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ፣ ጨ እና ቸ እየተጠቀለሉ በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ። አንዲት የማውቃት እናት ቢሮዋ ሆና ከቤት ሠራተኛዋ መልእክት ይደርሳታል። ልጅቱ የጻፈችው «ልጁ ተፋ» ነው፤ እናት ያነበበችው «ልጁ ጠፋ»። በላቲኑ ሁለቱም ያው ናቸው። ኮንትራት ታክሲ ይዛ፣ እያለቀሰች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቤት ስትደርስ ልጁ ወተቱን ተፍቶ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ሰው ስለ ፊደል ሲቆረቆር «የድሮ ሰው» የሚሉኝ ይህችን ሴት ቢጠይቁ ደስ ይለኛል።

አንድሮይድ ሌሎች የሠሩትን የፊደል ገበታ እንዲጫንበት የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። አይፎን ይህን በር የከፈተው በ2014፣ ስምንተኛው አይኦኤስ ሲወጣ ነው። የአምስት ዓመት ልዩነት ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት አይፎን የያዘ ሰው አማርኛ መጻፍ ቢያምረው አንድ መተግበሪያ ውስጥ ገብቶ ይጽፋል፣ ይቀዳል፣ ይወጣል፣ ሌላው ጋ ሄዶ ይለጥፋል። በዚህ መካከል የሚጻፍለት ሰው አኩርፎ ይተኛል። እኔ የመመረቂያ ጽሑፌን በኦሊቬቲ የአማርኛ መኪና ያስመታሁ ሰው ነኝ። የፊደሉ ቅጥያ ለብቻው ሲመታ፣ እግሩ ከገላው ርቆ ሲንከላወስ አይቻለሁ። ስለዚህ ፊደሌን ቀድሞ ያስተናገደ ቤት ገባሁ፤ ለመድኩት፤ ቀረሁ። ዛሬ በሁለቱም ላይ አማርኛ እንደ ልብ ይጻፋል፤ በዚህ የሚከራከር ካለ ጊዜው አልፎበታል።

አሜሪካ ያሉት የእህቴ ልጆች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ከአይፎን ወደ አይፎን የሚሄድ መልእክት ሰማያዊ፣ ከአንድሮይድ ጋር የሚለዋወጡት አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴ የሆነ ልጅ በጓደኞቹ ይታማል አሉኝ። ልምላሜ ማፈሪያ የሚሆንበት አገር! እኛ ሁላችንም ቴሌግራም ላይ ስለ ሰፈርን ከዚህኛው ተርፈናል።

ልጄ የአይፎን ሰው ናት፤ እንደ እኔ ልማድ ብቻ ይዟት አይደለም፣ ማስረጃ አላት። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ስድስት ኤስ በ2021 እንኳ አዲሱን አይኦኤስ ተቀብሏል። በዚያ ዘመን የነበረ አብዛኛው አንድሮይድ በሁለተኛ በሦስተኛ ዓመቱ የሚያስታውሰው አልነበረም። ጉግልና ሳምሰንግ ለውድ ስልኮቻቸው የሰባት ዓመት ቃል የገቡት በ2023 እና በ2024 ነው። ይህን ሁሉ እቀበላታለሁ። ትልቁ ምክንያቷ ግን ሌላ ነው። አንድ ምሽት ፒያሳ ላይ ስልኳን ከእጇ መነተፏት። አለቀሰች፤ ግን ያለቀሰችው ለገንዘቡ ነው። «ፎቶዬን አያዩትም፣ መልእክቴን አያነቡትም፤ አይከፈትላቸውም» አለችኝ። እንቅልፏን ተኛች። እኔ ነኝ ሲነጋ ያልተኛሁት።

ሌሊቱን ያሰብኩት አንድ ወዳጄን ነው።

ወዳጄ እንደ እኔ ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ለቅሶ ቤት መሄድ አበዛ፤ ሙሾ ይቀርጽ ነበር። የገጠር አውራጆች፣ ስማቸው በየትም ያልተጻፈ ሴቶች፣ ለሟች የሚደረድሩትን ግጥም ፈቃዳቸውን እየጠየቀ ቀረጸ። የሚቀርጽበት አይፎን ነው፤ ልጁ ከባሕር ማዶ የላከችለት። ስልኩ እንደ መጣ ሠፈሩ ውስጥ ካለ ሱቅ ወስዶት «አካውንት ክፈቱልኝ» አለ። አፕል መተግበሪያዎቹን ከሚሸጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ለዓመታት አልነበረችም። ስለዚህ የሱቁ ልጆች ለሁሉም ሰው እንደሚያደርጉት በራሳቸው ኢሜይል የአሜሪካ አድራሻ ሞሉለት። ቦሌን አልፎ የማያውቅ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ የካሊፎርኒያ ነዋሪ ሆነ። ብዙ ስቀንበታል፤ «እንዴት ነው ካሊፎርኒያ፣ ዝናብ ጣለ?» እያልን።

በድንገት ዐረፈ። ከአርባው በኋላ ባለቤቱ ስልኩን በመሐረብ ጠቅልላ አመጣችልኝ። «ወንድሜ፣ ድምፁ እዚህ ውስጥ አለ» አለች፤ እየቀረጸ ሴቶቹን ሲጠይቃቸው ድምፁ አብሮ ይገባል። ስልኩ ስድስት ቁጥር ጠየቀን። የልጆቹን የልደት ዓመት ሞከርን፣ የጋብቻቸውን ቀን ሞከርን፣ መጀመሪያ የተቀጠረበትን ዓመት ሞከርን። በየስህተቱ የምንጠብቀው ደቂቃ እየረዘመ ሄደ፤ ፈርተን ተውነው። ሱቁን ፍለጋ ሄድኩ፤ ጁስ ቤት ሆኗል። አካውንቱ በማን ኢሜይል እንደ ተከፈተ የሚያውቅ የለም። በካሊፎርኒያው ሰውዬ ስም የሚያመለክት ወራሽ ከየት ይምጣ?

አንድሮይድ ቢሆን ኖሮ አይቆለፍም ነበር አልልም፤ ይቆለፋል። ግን የእኔ ስልክ ጎኑ ላይ የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ አለው። አይፎን ይህ ኖሮት አያውቅም፤ ሳምሰንግም ከውድ ስልኮቹ ላይ ማስገቢያውን ካነሳው ቆይቷል። እኔ ርካሹን የምገዛው ለዚች ቀዳዳ ስል ነው። የቀረጽኩትና ያነሳሁት ሁሉ ካርዱ ላይ ይቀመጣል፤ ካርዱን መርፌ ያለው ሰው ሁሉ ያወጣዋል፣ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ ይከፍተዋል። «ሌባም ይከፍተዋል» ትለኛለች ልጄ። አዎ፣ ሌባም። እሷ የምትፈራው ሌላ ሰው እንዳይገባ ነው፤ በእሷ ዕድሜ ልክ ነው። በእኔ ዕድሜ የሚያስፈራው ማንም ሳይገባ መቅረቱ ነው። ሁለታችንም አንድ ዓይነት ስልክ ልንወድ አንችልም።

የወዳጄን ነገር የነገርኳት ዕለት ግን አልተከራከረችኝም። ከማስታወሻ ደብተሯ ቅጠል ቀደደች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ የሆነ ነገር ጻፈች፤ አጥፋ ፖስታ ውስጥ ከተተችና በምላሷ አሽጋ ሰጠችኝ።

«አባዬ፣ እንዳትከፍተው» አለች።

ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀምጬዋለሁ።