ማደሪያ ያጣ እርማት

የሕዝብን ሥነ ቃል ሰብስቦ ለትውልድ ማስተላለፍ የኪነ ጥበብ ሠራተኛው ተቀዳሚ ተግባር መሆኑን ደጋግመን ጽፈናል። የተሰበሰበውና የታረመው የት እንደሚያድር ግን እምብዛም አልጠየቅንም።

ከምዕራብ ጎጃም ገጠር የተለቀሙ የለቅሶ ግጥሞችን፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ለሚያስተምር አንድ የአማርኛ መምህር በኢሜይል አባሪ አድርጌ ልኬለት ነበር። እሱም አባሪውን እንደከፈተ ኮምፒዩተሩን ይዞ አንዲት የታወቁ አልቃሽ ዘንድ ሄደ። እኒያ እናት ለጎበዝ የሚባለውን ለሽማግሌ ከሚባለው እየለዩ፣ የተዛባውን ስንኝ እያቃኑ ግማሽ ቀን አስጻፉት። መምህሩ በየገጹ «ሴቭ» ማድረጉን አልዘነጋም። በማግሥቱ ኢሜይሉን ቢከፍት ያገኘው ያልታረመውን ጽሑፍ ነው። ከወራት በኋላ እንደገና ሊያስነግራቸው ሲሄድ እሳቸው አርፈው ነበር።

የጎደለው ትጋት አልነበረም። ከኢሜይል በቀጥታ የሚከፈት አባሪ፣ ኮምፒዩተሩ በሥውር ጊዜያዊ ማኅደር የሚያኖረው ቅጂ ነው። እርማቱ የሚሰፍረው በዚያ ቅጂ ላይ ስለሆነ በኢሜይሉ ውስጥ ያለው እንደተላከ ይቀራል። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ጊዜያዊው ማኅደር ብዙውን ጊዜ ይጠረጋል፤ ባይጠረግም ባለቤቱ አድራሻውን አያውቀውም። አባሪን በኢሜይል የመላክ ሥርዓት በ1984 ዓ.ም. ተደነገገ፤ ኢንተርኔትም በ1989 ዓ.ም. አገራችን ገባ። መሣሪያው ይህን ያህል ሲቆይ፣ ጠባዩን ያስተማርነው ሰው ጥቂት ነው።

የብራና ጸሐፊዎቻችን ግን ይህን ጉዳይ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ቁም ጸሐፊው የተሳሳተውን ፊደል በቢላዋ ይፍቃል፤ የዘለለውን ቃል ከመስመር በላይ ወይም በኅዳግ ያገባል። እርማቱ ከመጽሐፉ ጋር አንድ ቤት ያድራል፤ ፍቁ ራሱ ምስክር ሆኖ ይኖራል።

እኛም ከዚህ ልንማር ይገባል። አባሪው ከመነካቱ በፊት በታወቀ ማኅደር፣ በታወቀ ስም ይቀመጥ፤ ከዚያ ተከፍቶ ይታረም። ሳይዘጋ የነቃ ሰው «ሴቭ አዝ» ብሎ ሥራውን ወደ ሌላ ቦታ ያሻግር። የዘጋም ቢሆን ፈጥኖ በቅርብ የተከፈቱ ሰነዶችን ዝርዝር ይመልከት፤ በፋይሉም ስም ይፈልግ። የታረመውን ለላኪው መልሶ መላክ ደግሞ ሁለተኛ ማደሪያ ማበጀት ነው።

ትንሽ ልማድ ትመስላለች። ነገር ግን በየገጠሩ አንድ ጊዜ ብቻ የሚነገር ቃል አለ፤ ለእሱ ቤቱን አስቀድመን እንሥራለት።