ተጨማሪዎቹ ሁለት ዓመታት

በሰሜን አሜሪካ ልጁን ሕክምና ትምህርት ቤት ያስገባ ኢትዮጵያዊ ወላጅ በየዓመቱ የሚደጋግማት ጥያቄ «መቼ ነው የምትጨርሰው?» የምትለው ናት። አራት ዓመት ኮሌጅ፣ አራት ዓመት ሕክምና፣ ለድንገተኛ ሕክምና ደግሞ ሦስት ወይም አራት ዓመት ሬዚደንሲ። ሌሊት ታክሲ እየነዳ ያስተማረ አባት ቢቸኩል አይፈረድበትም። ልጁ በዚህ ሁሉ ላይ «ሁለት ዓመት ጨምሬ ምርምር ልማር ነው» ያለ ቀን ግን ቤቱ ይታመሳል። እናት «ዶክተር ከሆንክ በኋላ ደግሞ ምን ልትማር?» ትላለች፤ አባት የሚቀረውን ደመወዝ ያሰላል።

የወላጆቹ ስጋት ተገቢ ነው። ሆኖም ልጁ ሊማር የፈለገው ምን እንደሆነ ሳይመረመር መፍረድ አይገባም።

የድንገተኛ ሕክምና ራሱ ወጣት ሙያ ነው። የመጀመሪያው ሬዚደንሲ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ተብሎ የታወቀው በ1979 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ በአጭሩ ኤን አይ ኤች፣ ሐኪምነትንና ፒ ኤች ዲን አጣምሮ ለሚሰጥ ሥልጠና ድጎማ የጀመረው በ1964 ነው፤ ለድንገተኛ ሕክምና ምርምር የተለየ ቢሮ የከፈተው ግን በ2012 ነው። በመካከሉ ያለውን የዘመን ርቀት አንባቢ ልብ ይበል።

ጉዳቱ የሚታየው በሕሙማን ላይ ነው። ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን የሚያውክበት ሴፕሲስ የሚባለው አደገኛ ሁኔታ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በ2001 ከዲትሮይት የወጣ ጥናት፣ 263 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ፣ በተወሰነ ሥርዓት ፈሳሽ፣ መድኃኒትና ደም በፍጥነት ከተሰጠ ሆስፒታል ውስጥ የሚሞተው ቁጥር ከ46 ከመቶ በላይ ወደ 30 ከመቶ ገደማ እንደሚወርድ አመለከተ። ዓለም ተቀበለው። ነገር ግን ጥናቱ የአንድ ሆስፒታል ነበር። በ2014 በ31 የአሜሪካ ሆስፒታሎች፣ በ1,341 ሕሙማን ሲሞከር ሥርዓቱ ከዘመኑ የተለመደ ሕክምና የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። በ2017 የታተመው የሉሳካ፣ ዛምቢያ ጥናት ደግሞ ይበልጥ አስደንጋጭ ነበር። አብዛኞቹ ኤች አይ ቪ ካለባቸው ሕሙማን መካከል ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው 48 ከመቶው ሲሞቱ፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት የሞቱት 33 ከመቶ ናቸው። በጥቁር አንበሳ የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንሲ የተጀመረው በ2010 ነው፤ እዚያ ያሉ ሐኪሞች የዲትሮይትን መጽሐፍ ብቻ ይዘው መሥራት ለምን እንደማይበቃቸው ከዚህ ይታያል።

ምርምር መልካም ዜናም ያመጣል። የሚጥል በሽታ ተነሥቶበት መንቀጥቀጡ አልቆም ላለው ሰው አምቡላንስ ውስጥ የደም ሥር ከመፈለግ፣ ጭኑ ላይ መርፌ መውጋት እንደሚሻል የተረጋገጠው በ2012 ነው። ሆስፒታል ሳይደርሱ የቆመላቸው በጭን ከተወጉት 73፣ በደም ሥር ከተሰጣቸው 63 ከመቶ ነበሩ። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት አንዴ ከገባ ቶሎ ይሠራል፤ ጊዜ የሚበላው ማስገባቱ ነው። ይህን የመሰለ ጥያቄ የሚመጣለት በሽተኛው አጠገብ ለቆመ ሰው ነው።

ጥያቄ ማንሣት ብቻውን ግን አይበቃም። ስንት በሽተኛ እንደሚያስፈልግ ማስላት፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴን ማስፈቀድ፣ ገንዘብ መጠየቂያ መጻፍ ከጌታ ሥር ሆኖ የሚማሩት ሙያ ነው። የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ በወጣ ሰው ትርፍ ሰዓት አይሠራም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። በሬዚደንሲው መካከል ለምርምር ብቻ የተከለለ ጊዜ የሚሰጡ መርሐ ግብሮች የተቋቋሙት ለዚህ ነው።

ስለ ገንዘቡም ወላጅ እውነቱን ይወቅ። ከሬዚደንሲ በኋላ ኤን አይ ኤች ለጀማሪ ተመራማሪ ሐኪሞች የሚሰጠው የሥራ ድጋፍ በአብዛኛው 75 ከመቶውን የሥራ ጊዜ ለምርምር ያስከብራል፤ ገቢው ግን ሙሉ ፈረቃ ከሚሠራው ጓደኛ ያንሳል። የትምህርት ዕዳን በዓመት እስከ 50,000 ዶላር የሚከፍል ፕሮግራምም አለ። ለዕዳ ክፍያውና ለአብዛኞቹ የሥራ ድጋፎች ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ግዴታ ነው። ወረቀቱ ያላለቀለት ሐኪም ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ከብዙ ልፋት ይድናል።

ለወገን ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ራሱን የሳተ ሰው ፈቃዱን መስጠት አይችልም። በ1996 የወጣው የአሜሪካ ደንብ፣ ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆንና ያለው ሕክምና አጥጋቢ ሳይሆን ሲቀር፣ በጥብቅ ገደብ ያለ ፈቃድ መመራመርን ይፈቅዳል፤ የሚጥል በሽታው ጥናትም የተካሄደው በዚሁ ነው። ደንቡ ታዲያ ተመራማሪው አስቀድሞ ማኅበረሰቡን ማማከር አለበት ይላል። ሐበሻው በማይገባው ቋንቋ ከተጠራ፣ ወይም ተጠርቶ ካልሄደ፣ ስለ እሱ አካል ሌላው ይመክራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂል ለማኅበረሰብም ይሠራል። ያን ስብሰባ በአማርኛ ሊመራ፣ የእናቶችን ጥርጣሬ ሳይንቅ ሊመልስ፣ «ይህ ጥናት ለእነዚህ ሰዎች አይሆንም» ብሎ በባለሙያዎች ፊት ሊከራከር የሚችለው፣ ያንን ተጨማሪ ሁለት ዓመት የተማረው ልጅ ነው።