ከሙገር አፋፍ፦ ስለ ወይን ጠጁ ድንጋይ

ከሆለታ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ እንጭኒ እስኪደርስ ደጋ ለደጋ ነው፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ የከብት መስክ። ከተማዋን አልፎ ወደ ሙገር ሲወረድ ግን መሬቱ ድንገት ይከፈትና የምድር አንጀት ይታያል። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ቀይና ወይን ጠጅ የሚመስል የጭቃ አለት፣ ከዚያም የሲሚንቶ ፋብሪካዎቹን ወደዚህ የጠራቸው የኖራ ድንጋይ። የጭቃ አለቱን የሥነ ምድር ሊቃውንት በሙገር ስም ይጠሩታል፤ የተጋደመው በዳይኖሰሮች ዘመን ነው።

እኔን የያዘኝ ከላይ ያለው ጥቁሩ ነው። እንጭኒ ዳር አንድ ወጣት ለግንብ የሚሆን ድንጋይ ይፈልጣል። መዶሻው አንዱን ለሁለት ሲከፍለው መሐሉ ላይ ባቄላ የምታህል ጉድጓድ ታየች። ግድግዳዋን ነጫጭ፣ ጫፋቸው የሾለ፣ ብርጭቆ የመሰሉ ደቃቅ ፍሬዎች ሞልተውታል፤ ሁሉም ወደ መሐል ያያሉ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጊዜ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለግንብ አይሆንም» አለና አቀበለኝ።

ይህ ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደ ጎርፍ የፈሰሰ የቀለጠ አለት ነው። ሲቀዘቅዝ ውስጡ የታፈነው ጋዝ ጉድጓድ ትቶ ሄደ። ሲሊካ ያዘለ ውኃ በየስንጥቁ እየሰረገ በጉድጓዱ ውስጥ ጠብታ በጠብታ ኳርትዝ ያበቅላል። ታዲያ በዚያ ኳርትዝ ውስጥ ኢምንት ብረት ገብቶ፣ በዙሪያው ካለው አለት የሚወጣ የተፈጥሮ ጨረር ለብዙ ዘመን ሲመታው ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። ወይን ጠጁ ድንጋይ፣ አሜቴስጢኖስ፣ ይኸው ነው። ከተራ ኳርትዝ የሚለየው ቀለሙ ብቻ ነው፤ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ቢያግሉት ደግሞ ቢጫ ይሆናል። ገበያ ላይ ሲትሪን ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ድንጋይ በእሳት የተለወጠ አሜቴስጢኖስ ነው።

በዚሁ ስልት በኡራጓይ አርቲጋስና በደቡብ ብራዚል ከ130 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረው ባዛልት ከሰው ቁመት የሚበልጡ ጉድጓዶችን ይዟል፤ ውስጣቸው ከዳር እስከ ዳር ሐምራዊ ነው። አሜቲስታ ዶ ሱል የምትባል የብራዚል ከተማ የቤተ ክርስቲያኗን የውስጥ ግድግዳ በዚሁ ድንጋይ ለብጣለች። ድንጋዩ ድሮ ከሩቢ ጋር በዋጋ ይወዳደር ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን የብራዚሉ ክምችት ሲገኝ ግን ረከሰ። ውበቱ ላይ የቀነሰ ነገር የለም፤ ለእኔ እንዲያውም ድኻም ሊያጠልቀው መቻሉ ክብር ይጨምርለታል።

የእኛ ሰው ድንጋዩን ሳያይ ስሙን ያውቀዋል። በኦሪት ዘጸአት በአሮን የደረት ኪስ ሦስተኛ ተራ ላይ ተቀምጧል፤ በዮሐንስ ራእይ ደግሞ የአዲሲቱ ኢየሩሳሌም ቅጥር አሥራ ሁለተኛ መሠረት ነው። ግሪኮች ይህን ድንጋይ የያዘ ሰው ወይን ቢጠጣ አይሰክርም ይሉ ነበር። ሮማዊው ፕሊኒ የአስማተኞች ውሸት ነው ብሎ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዘግቶታል፤ ነገሩ ግን አልሞተም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1576 ፈረንሳዊው ገጣሚ ሬሚ ቤሎ የወይን አምላክ ስላሳደዳት፣ ወደ ድንጋይም ስለተለወጠች ልጃገረድ ጻፈ። ዛሬ ብዙዎች የጥንት ተረት አድርገው የሚያወሩት ይህንኑ ነው። የካቶሊክ ጳጳሳትም ለዘመናት በቀለበታቸው አድርገውታል፤ ራስን የመግዛት ምልክት ነውና።

ወደ አገራችን ድንጋዮች እንመለስ። የወሎ ደላንታ ገበሬ ገደሉን ሲያርስና ሲወጣ የኖረ ሰው ነው። በ2000 ዓ.ም. ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል ግን ያንን ገደል በዓለም የጌጥ ገበያ አሳወቀው። ይህ ኦፓልም ከሲሊካ የተሠራ፣ ከእሳተ ገሞራ አለት የሚወጣ ድንጋይ ነው። በሙገር አፋፍ የማየው ጥቁር አለትም ከዚያው ታላቅ የእሳተ ገሞራ ዘመን የመጣ ነው።

ስለዚህ እንጭኒም ሆነ አምቦ፣ ጊንጪም ሆነ ጀልዱ ድንጋይ የምትፈልጡ ወንድሞቼ፣ ባዶ ሆድ ያለው ድንጋይ ሲገጥማችሁ አትወርውሩት። ውስጡን በፀሐይ እዩት፤ ቀለም ካለው ከየት ቦታ እንደወጣ ምልክት አድርጉና ለጂኦሎጂ ባለሙያ አሳዩት።