ለማን ልደውል?

ይህን የምጽፈው በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ለሚሠሩና አገር ቤት ሆነው ከእነሱ ጋር መሥራት ለሚፈልጉ ወገኖቼ ነው። ያለፍንበትን በቅደም ተከተሉ እናገራለሁ። የሚበረታ ይበርታበት፣ የሚጠነቀቅም ይጠንቀቅበት።

ሙያዬ የስንዴ በሽታ ነው፤ በተለይ ዋግ። የአርሲ ልጅ ስለሆንኩ ዋግን ከመጽሐፍ በፊት በማሳ ነው የማውቀው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ ሲመታ፣ ብዙ ገበሬ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ወደተባለው ወደ ዲጋሉ ዞረ። በ2013 ደግሞ የግንድ ዋግ መጣና በአርሲና በባሌ ዲጋሉን ራሱን አጠፋው። በዚያው ዓመት ጀርመን ውስጥ የግንድ ዋግ ተነሣ። እንግሊዝ አገር ሰፎክ ውስጥም ስድሳ ዓመት ገደማ ጠፍቶ የቆየው በሽታ በአንዲት የስንዴ ተክል ላይ ተገኘ። በ2018 የወጣ ጥናት የእንግሊዙ ናሙና ዲጋሉን ከመታው የዋግ ዓይነት (ሬስ) ወገን መሆኑን አሳየ። ከዚያ በፊት፣ በ2016፣ ሲሲሊ ተመትታ ነበር። የዋግ ስፖር በነፋስ ስለሚጓዝ የአንዱ አገር ማሳ የሌላውም ጉዳይ ነው። እኔም ወደ አውሮፓ የመጣሁት በዚሁ ሙያ ነው።

የምሠራበት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ፕሮፌሰር ዕድሜያቸውን በዋግ ላይ ያሳለፉ ሴት ናቸው። የዋግ ባለሙያዎችን የሚያገናኝ መረብ ለማቋቋም ከኮስት ገንዘብ ለመጠየቅ የተነሡት እሳቸው ናቸው። ኮስት በ1971 የተመሠረተ፣ ብራሰልስ የሚገኝ የአውሮፓ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ትብብር ድርጅት ነው። ብዙ ሰው ስለ ኮስት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ድርጅቱ ምርምርን በገንዘብ አይደግፍም። ደመወዝ አይከፍልም፣ መሣሪያም አይገዛም። የሚከፍለው ሰዎች እንዲገናኙ ነው፤ ለስብሰባ፣ ለሥልጠና፣ አንድ ወጣት ተመራማሪ ሌላ አገር ላቦራቶሪ ሄዶ ጥቂት ሳምንታት ሠርቶ እንዲመለስ። አንድ መረብ አራት ዓመት ይቆያል፤ የሚያገኘውም ብዙውን ጊዜ በዓመት ከ100,000 ዩሮ በላይ ነው። ይህ ለጉዞና ለስብሰባ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ለላቦራቶሪ ግን ምንም ማለት አይደለም።

ቀደም ብለን ያስገባነው ፕሮፖዛል ወድቆ ነበር። ገምጋሚዎቹ ሳይንሱን አመስግነው፣ መረብ ለምን እንዳስፈለገ ግን አልታየንም አሉ። ፕሮፌሰሯ አስተያየቱን አንብበው ስቀው ዝም አሉ። ከዚያ ለሚቀጥለው ዙር መዘጋጀት ጀመርን። የማስገቢያው ቀን በጥቅምት መጨረሻ ነበር።

በመስከረም ፕሮፌሰሯ ቤታቸው ውስጥ ወደቁ። ስትሮክ ነበር። በሕይወት ተረፉ፤ ተመስገን፤ ነገር ግን ንግግራቸው ተያዘ፣ ቀኝ እጃቸውም አልታዘዝ አለ። ልጃቸው ደውላ ሐኪሞቹ ከሥራ ጋር የተያያዘ ማንኛውንም ነገር መከልከላቸውን ነገረችኝ። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሰዎች ተሰብስበን ተነጋገርን፤ ፋይሉ ለእኔ ተሰጠኝ።

ያን ሌሊት ፈራሁ። የሥራ ውሌ ማለቂያው ቀርቦ ነበር፤ የቤተሰቤ የመኖሪያ ፈቃድም ከእኔ ሥራ ጋር የተያያዘ ነበር። ፕሮፖዛሉ ቢያልፍ ለእኔ ደመወዝ እንደማይከፍል አውቃለሁ። ቢወድቅ ግን ክፍሉ እንደሚታጠፍ ከፍ ካሉት ሰዎች አፍ ሰምቻለሁ። በማግስቱ ወደ ሥራ ገባሁ።

በኮስት ሥርዓት ፕሮፖዛሉን የሚመዘግበው ዋናው አቅራቢ ነው። ስለዚህ በስሜ አዲስ ማመልከቻ ከፈትኩና ለተባባሪዎቹ በሙሉ ግብዣ ላክሁ፤ እያንዳንዱ በራሱ መለያ ገብቶ መቀበል አለበት። ደንቡ ቢያንስ ሰባት የአባል አገሮች እንዲወከሉ ይጠይቃል። ከእነዚያ ቢያንስ ግማሹ ደግሞ በምርምር አቅም እንዲጠናከሩ ከሚታሰቡት አገሮች መሆን አለባቸው፤ ፖርቱጋል፣ ፖላንድ፣ ግሪክ፣ ሞልዶቫና ሌሎችም እዚህ ውስጥ ናቸው። እኛ ይህን መጠን ልክ በልኩ ነበር የያዝነው። የፕሮፌሰሯን መታመም የሰማ አንድ ተባባሪያችን፣ ተቋሙ አልፈቀደልኝም ብሎ በጥቂት መስመር ደብዳቤ ወጣ። ከግማሽ በታች ወረድን።

የነገሩ መዞሪያ ይህ ነበር፤ ያኔ ግን አላወቅሁም። በወጣው ሰው ምትክ ሌላ መፈለግ ግድ ሆነ። አንድ የፖላንድ ባልደረባ ሞልዶቫ ውስጥ ያለች ወጣት የእፅዋት በሽታ ባለሙያ ስም ላከልኝ። ከማናችንም ጋር ሠርታ አታውቅም። በቪዲዮ ተገናኘን። እኔ ስለ ፕሮፖዛሉ ማስረዳት ስጀምር ትሕትና ባልጎደለው መንገድ አቋረጠችኝና የደረሰባትን ነገረችኝ።

ቀደም ባለ ዓመት፣ በሰኔ፣ አንድ ገበሬ ጠርቷት ማሳ ትሄዳለች። የስንዴው አገዳ ላይ ቆዳውን ቀድዶ የወጣ፣ የጡብ ዱቄት የመሰለ ነገር ታያለች። የግንድ ዋግ መሆኑን አወቀች። የትኛው ሬስ እንደሆነ ግን በዓይን አይታወቅም፤ ለዚያ ልዩ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ስፖሩ ሕያው ስለሆነ ድንበር ለማሻገር ፈቃድ ጠየቀች። ደብዳቤ ጻፈች። አንዱ ላቦራቶሪ ወቅቱ አይደለም አላት፤ ሌላው አልመለሰላትም። ፈቃዱ ሲደርስ ስንዴው ታጭዷል፣ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ያስቀመጠችው ናሙናም ሞቷል። ገበሬው በማግስቱ ዓመት ያንኑ ዝርያ ዘራ።

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ «እናንተ ጋ ላቦራቶሪ አለ፤ ላቦራቶሪ እንዳለ እኔም አውቃለሁ። እኔ የማላውቀው በሰኔ ሳየው ለማን እንደምደውል ነው። ለማን ልደውል?»

መልስ አልነበረኝም። በዋግ ላይ ይህን ያህል ዓመት ሠርቼ፣ በዚያ ወር ማን ናሙና እንደሚቀበል፣ በምን ዓይነት ዕቃ፣ በማን ፈቃድ እንደሚላክ በአንድ ገጽ አስቀምጦ የሚሰጣት ሰው እኔም አላውቅም ነበር። ዴንማርክ ውስጥ በኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ሥር ከብዙ አገሮች ናሙና የሚመረምር የዋግ ማዕከል አለ፤ ሌሎችም አሉ። እነሱን የሚያውቅ ያውቃቸዋል፤ እሷን ግን ማንም አላስተዋወቃትም።

ያን ማታ የድሮውን ጽሑፍ ከፈትኩ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ስለ ዋግ ዘረ መልና ስለ መመርመሪያ መሣሪያዎች የሚያወሩ ነበሩ። ሁሉም እውነት ነው፤ በጥሩ ቋንቋም የተጻፈ ነው። ነገር ግን ያንን ሁሉ አንድ ጠንካራ ላቦራቶሪ ብቻውን ሊሠራው ይችላል። ገምጋሚዎቹ መረቡ ለምን እንዳስፈለገ አልታየንም ያሉት ገባኝ። የልጅቱን ጥያቄ ግን በዓለም ላይ ያለ አንድ ላቦራቶሪ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። ጥያቄው ስለ ማሽን ሳይሆን ስለ ሰዎች ነው፤ የኮስት ገንዘብም የሚከፍለው ለዚህ ነው።

ፕሮፖዛሉን ከዚያ ጥያቄ ተነሥቼ እንደገና ጻፍኩት። የመጀመሪያው ዓላማ ለሁሉም አገር አንድ ዓይነት የናሙና አወሳሰድ ማዘጋጀት ሆነ፤ ስፖሩ አልኮል ውስጥ ሞቶ ዲኤንኤው ብቻ የሚመረመርበትን መንገድ ጨምሮ፣ ምክንያቱም የሞተ ናሙና በሽታ አያዛምትም። ሁለተኛው በየትኛው ወር ማን እንደሚቀበል የሚናገር የጋራ የቀን መቁጠሪያ ነው። ሦስተኛው በየፀደዩ ላቦራቶሪ በሌላቸው አገሮች፣ እዚያው ማሳ ላይ፣ ሥልጠና መስጠት። የአጭር ጊዜ ጉዞዎቹንም ለማን እንደሚሰጡ ወሰንን፤ በቅድሚያ ናሙና አይተው የሚልኩበት ለጠፋቸው ወጣቶች። እያንዳንዱን ሥራ ከየትኛው የሥራ ቡድንና ከየትኛው ወጪ ጋር እንደሚያያዝ አሰፈርኩ። ስለ ዘረ መል የተጻፈው ከአንድ አንቀጽ በላይ አልቀረም።

አንድ የቆየ ባልደረባችን ተቃወመ፤ ሳይንሱ ሳሳ አለ። ተከራከርን። ሳይንሱ በሌላ ገንዘብ እየተሠራ መሆኑን፣ እዚህ የምንለምነው ግን የሰዎቹን መገናኛ መሆኑን ነገርኩት። አሁንም አቋሜ ይኸው ነው፤ በኮስት በር ላይ የሚወድቁት ፕሮፖዛሎች አብዛኞቹ የሚወድቁት ሌላ በር ላይ ማንኳኳት ሲገባቸው እዚህ ስለመጡ ይመስለኛል። ባልደረባዬ በመጨረሻ ተስማማ፤ እንዲያውም የአደጋ ትንተናውን ክፍል የጻፈው እሱ ነው፤ ከሁላችንም ተሽሎ።

የቀረው የስም ነገር ነበር። ኮስት የሚገመግመው የአመልካቹን ማንነት ሳያሳውቅ ነው። አሥራ አምስት ገጽ በሆነው ሰነድ ውስጥ የሰውም የተቋምም ስም በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ መገለጥ የለበትም፤ ከተገለጠ ፕሮፖዛሉ ሳይነበብ ሊጣል ይችላል። ድሮ ጥንካሬያችን የነበረው የፕሮፌሰሯ ዝና እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። «በአገሪቱ ብቸኛ የሆነው የዋግ ክፍል» የሚል ሐረግ ሳይቀር ወጣ፤ ብቸኛ ከተባለ ማን እንደሆነ ይታወቃልና። ሁሉን አጥርተን ጨረስን ካልን በኋላ አንዲት የአስተዳደር ሠራተኛ የፋይሉን ባሕርይ የሚያሳየውን ሳጥን ከፈተች። «ጸሐፊ» በሚለው ቦታ ላይ የፕሮፌሰሯ ሙሉ ስም ተቀምጦ ነበር። አጠፋችው፤ እኔ አስቤውም አላውቅም ነበር። እሷን ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም።

የመዝጊያው ሰዓት በብራሰልስ እኩለ ቀን ነው። በዚያ ጠዋት አንድ የግሪክ ተባባሪያችን ግብዣውን አልተቀበለም ነበር። ስልኩ አይነሣም። ተሳሊያ ውስጥ ኔትወርክ የሌለው ማሳ ላይ ኖሯል። ወደ መንገድ ሲወጣ መልእክቶቹ ደረሱትና ከመኪናው ሆኖ ተቀበለ። ከእኩለ ቀን በፊት አስገባን።

ከዚያ ጥበቃ ነው። ጽሑፉ በመጀመሪያ ወደ ሦስት የውጭ ገምጋሚዎች ይሄዳል፤ ቀጥሎ የሳይንስ ኮሚቴው ያየዋል፤ በመጨረሻም የአባል አገሮቹ ከፍተኛ ባለሥልጣናት ኮሚቴ ያጸድቀዋል። መልሱ በጸደይ መጨረሻ መጣ፤ ጸድቋል የሚል ነበር። በአስተያየቱ ላይ ያየሁት ነገር፣ ገምጋሚዎቹ የመረቡን አስፈላጊነት ከሁሉ አስቀድመው መጥቀሳቸው ነው። ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባው። ክፍሉ አልታጠፈም፤ ውሌም ታደሰ።

የፕሮፌሰሯ ንግግር በቀስታ ተመለሰ፤ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ። የጸደቀውን ጽሑፍ ያነበቡት በበጋው ነው። ሁለት የሰዋስው ስሕተት አገኙብኝና በቀይ አሰመሩበት። የሞልዶቫዋ ባለሙያ ከሥራ ቡድኖቹ የአንዱ መሪ ሆነች። መረቡ ከተጀመረ በኋላ በሁለተኛው የስንዴ ወቅት ሌላ አጠራጣሪ ማሳ አጋጠማት። ደወለች። ናሙናው ሄዶ መልሱ ከአጨዳ በፊት ደረሳት። አዲስ ሬስ አልነበረም፤ ገበሬው ግን በወቅቱ አወቀ፣ የሚቀጥለውን ዘሩንም አስቦ መረጠ።

ለአገር ቤት ባለሙያዎች አንድ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያ የኮስት አባል አይደለችም፤ በዋና አቅራቢነት ፕሮፖዛል ማስገባት አትችሉም። ነገር ግን ለሁለቱም ወገን የሚጠቅም መሆኑ ከታየ፣ በሥራ ላይ ካለ መረብ ጋር ከአባል አገሮች ውጪ እንዳለ አጋር መሥራት ይቻላል። የስንዴ ዋግን በተመለከተ ቁሉምሳና አምቦ ባሉት የምርምር ማዕከላት የሚሠሩ ባለሙያዎቻችን የሚያውቁትን አውሮፓ ውስጥ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ጥቅሙ ወደ አውሮፓውያኑም ይሄዳል። ሌላ ሙያ ላይ ያላችሁም እንደዚሁ። የጸደቁት መረቦች ዝርዝር ለማንም ክፍት ነው። ከሥራችሁ ጋር የሚገናኘውን ፈልጉ፤ ለመረቡ ሊቀ መንበር በአጭሩ ጻፉ፤ የምታውቁትንና የጎደላችሁን ሁለቱንም ንገሩት። ማመልከት የሚቻለውም መረቡ ሲጀመር ብቻ አይደለም፤ ለሥራ ቡድን አባልነት መረቡ በሚቆይበት ዘመን ሁሉ ማመልከት ይቻላል።